የቶራ መስክ ሰንደቅ

አዳማ፣ ሰኔ 12 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ከክብርት ወይዘሮ ዘመናይ፣ የፊታውራሪ መርዳሳ ባለቤት፤ አዲስ አበባ።

እንደምን ከርመዋል? ልጅዎ ልጅ ጥላዬስ እንደምን ነው? እኛ እዚህ አቧራው አልደፈነንም፣ ደኅና ነን። ይህን የሚጽፍልኝ የባቡር ጣቢያው ጸሐፊ ነገሪ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አፍ ግን አላጣሁም። «ኧረ እንዲህ አይባልም፣ ወይዘሮ ናቸው» እያለ ብዕሩን ያቆምብኛል። ጻፍ ብዬዋለሁ።

የላኩት ሰው መጥቶ ቃልዎን ነገረኝ። «የቦሰት እግረኛ ጦር ሰንደቅ የባሌ የፊታውራሪ ነው፣ ለንግሡ በዓል ሰልፍ ላኪልኝ» ብለዋል። የአባቱን ሰንደቅ ይዞ የተሰለፈ ልጅ የአባቱን ማዕረግ ያገኛል መባሉንም ሰማሁ። ጎሽ፣ ያግኝ! በልጅ ጥላዬ ማዕረግ እኔ ምን አገባኝ? ሰንደቁ የማን እንደሆነ ግን ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎ።

ቶራ መስክ ላይ ጦሩ ሲፈታ ፊታውራሪ በቅሏቸውን አዙረው ወደ በረሃው ወረዱ። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም ቆመው ይሄዳሉ። ሰንደቁን ተክሎ እዚያው የቀረው ባሌ ባሻ ደበሌ ነው። ከእርሱ ጋር የቦሰት ልጆች ረገፉ። በዚያ ሰሞን ወለንጪቲ ላይ ለቅሶ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ጆቴ የሚባለው ጓደኛው ሰንደቁን ከባሌ ሬሳ ሥር ስቦ፣ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ አንድ እጁን ለቶራ መስክ ሰጥቶ መጣ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እኔ ቤት ሣጥን ውስጥ አለ። ብል እንዳይበላው የትምባሆ ቅጠል እቀይርለታለሁ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ አውጥቼ አናፍሰዋለሁ፤ የተረፉት ሽማግሌዎች መጥተው ከሥሩ ይፎክራሉ፣ ይበላሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይሄዳሉ። ፊታውራሪ በሕይወት ሳሉ «ያ ሰንደቅ የት ደረሰ?» ብለው አንድ ቀን አልጠየቁም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! በአልጋቸው ላይ ሆነው ሞቱ፤ ነፍስ ይማር።

እና ዛሬ ሰልፍ ሲመጣ ሰንደቁ ትዝ አለዎት? አልሰጥም። ባልቴት ብሆን ልቤ ባልቴት አይደለም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ አንድ ልጄ ሆራ ነው። ሌላ ልጅ የለኝም። እምቢታዬን በመንገደኛ እጅ ከምልክ በልጄ እጅ ብልከው ለእርስዎም ክብር ነው ብዬ ነው። አሳድረው ጠዋት በባቡር ይሸኙልኝ። ለጥቅምት የወለንጪቲዋን ቡዜን ያገባል፤ ሥራ አለብን።

ዘርፉ፣ የባሻ ደበሌ ሚስት።


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ከዘርፉ።

ስለ ደኅንነታችን መጠየቅሽ መልካም ነው። ደኅና ነን። ልጅሽ ለምን እንደ ቀረ ሰው እየላክሽ ማስጠየቁን ተዪው፤ እኔው እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽን ልጄ ጥላዬ በእንግዶች ፊት ጮክ ብሎ ነበር የሚያነበው። ምን እንዳለበት በምን ያውቃል? «በቅሏቸውን አዙረው» ካለው ላይ ሲደርስ አንድ ሰው ሳቀ። ልጅሽ ኩታውን አደግድጎ በሩ ሥር ቆሞ ነበር። ምን ይዞ እንደ መጣ አያውቅም ኖሯል፤ አዘንሁለት።

በእኛ ቤት እንግዳ በችኮላ አይሸኝም። ሰንደቁ ሲመጣ ይሄዳል። እስከዚያው ከበረቱ አጠገብ ያለችው ቤት ተሰጥታዋለች። ወጣት ስለ ሆነ እግሩ እንዳይባክን ብረት ገብቶበታል፤ ከብረቶቹ ቀላሉን ነው ያስገባንለት። ክረምቱ ዘንድሮ ከባድ ነው፤ ቤቲቱም ትንሽ ታፈሳለች። አንቺ ከፈጠንሽ ግን ብዙ አይረጥብም።

እጸጸታለሁ ብትይ አትልፊ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አንቺ ለልጅሽ ነሽ፣ እኔም ለልጄ ነኝ።

ዘመናይ።


አዳማ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ከእመቤቴ ከወይዘሮ ዘመናይ።

መሬት ስሜ፣ ጫማዎን ስሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ያንን ቃል የተናገርኩበት ምላስ ይቆረጥ። ነገሪ ተው ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ጻፍ ያልኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ! ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጄ አያውቅም። ቅጣት ካሉ እኔን ያስመጡኝና ያስገርፉኝ። እግር ብረቱ ለእኔ ይግባ። የእኔ እግር አርጅቷል፤ ቢታሰርም ወዴት ይሄዳል?

ሰንደቁን ዛሬውኑ ለመላክ ምን ያግድሻል ብለው ላስጠየቁኝ እውነቱን ልንገርዎ። ሣጥኑ እኔ ቤት ይሁን እንጂ ሰንደቁ የእኔ ብቻ አይደለም። የተረፉት ሽማግሌዎች ተማምለዋል። «ለፊታውራሪ ቤት አሳልፎ የሰጠ በወደቁት ልጆች መቃብር ላይ እንደ ተፋ ይቆጠር» ብለዋል። ጆቴ የልጄን መታሰር ከሰማ ጀምሮ በረንዳዬ ላይ ነው የሚያድረው፤ ጠመንጃውን በዚያች በቀረችው እጁ አቅፎ። ምን ይሁን ትላለህ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። አለቀሰ። አለቀሰና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ልጅ ይተካል።» ልጅ ይተካል አለኝ! እርሱ ወልዶ አያውቅ፣ ከየት ይወቀው? እኔስ ከየት ነው የምተካው? ደበሌን ከመቃብር አስነሥቼ ነው?

አሸንፋቸዋለሁ። ጊዜ ብቻ ይስጡኝ።

ሆራ ከልጅነቱ ጀምሮ ዝናብ ሲመታው ደረቱን ያመዋል፤ ሲያስለው ያድራል። ቆላ ያደገ ልጅ ነው፣ የእናንተን ብርድ አያውቀውም። በሳሊህ እጅ በቅቤ የታሸ ጭኮ ልኬለታለሁ። ሳሊህ ባቡር እየተሳፈረ የሚነግድ የአርሲ ሰው ነው፣ ታማኝ ነው። ከልጄ እጅ አድርስ ብዬ አስምየዋለሁ። ጋቢም ጨምሬለታለሁ። እባክዎ፣ እመቤቴ፣ አንዲት ነገር ብቻ፦ ለብቻችን ስንሆን እናቱን የሚጠራበት ስም አለው፤ ያንን ስም ይጠይቁትና በደብዳቤዎ ላይ ያጽፉልኝ። ያንን ከሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ገረድዎ ዘርፉ።


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለዘርፉ።

እንደምን ሰነበትሽ፣ እኅቴ? ጤናሽ እንዴት ነው? ክረምቱስ እንዴት ይዞሻል? ከልብ ነው የምጠይቅሽ።

ጭኮው ደርሷል፤ ተበልቷል። ቅቤው መልካም ነበር አሉ። ሳሊህ ከበር ለምን ተመለሰ ላልሽኝ፣ በሰፈራችን በሽታ ስለ ገባ ሰው ከግቢ እንዳይገባ ከልክለን ነው። ለሁሉም ደኅንነት ነው።

ስለ እግር ብረቱ ከእንግዲህ አታልቅሺ፤ ወልቆለታል። ያች የምታፈስ ቤትም ቀርታለች፤ ሌላ ቦታ አድርገነዋል፣ ዝናብ አያገኘውም። ሳሉም ትቶታል። ስም ጠይቂልኝ ያልሽውን ግን ተዪው። ጎልማሳ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በባዕድ ፊት አይናገርም።

ስኳርና አንድ ጣቃ አቡጀዲ ልኬልሻለሁ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። መኳንንቱ ሁሉ ሰንደቅ እያሰፋ ነው። ከተማው ውስጥ ያለ ሰፊ ሁሉ አዲሱን ጨርቅ አሮጌ ለማስመሰል በጭስ ያጥናል አሉ፤ ያሥቃል። የእኛ እውነተኛው ነው፤ ግን ማን ያምናል? ስለዚህ ሰንደቁን ብቻ አትላኪልኝ፤ ሽማግሌዎቹም ይምጡ። በጃን ሜዳ ልጄ ሰንደቁን ሲይዝ፣ እነርሱ ከሥሩ ቆመው እንደ ልማዳቸው ይፎክሩ። አንድ እጅ የሌለው አለ ብለሽኛል፤ እርሱ በተለይ እንዳይቀር።

ከበዓሉ በኋላ የልጅሽን ነገር እንጨርሳለን።

እኅትሽ ዘመናይ።


አዳማ፣ መስከረም 4 ቀን 1923 ዓ.ም.

ይድረስ ከእመቤቴ ከወይዘሮ ዘመናይ።

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ።

ደብዳቤዎን ነገሪ አነበበልኝ። አንዴ አነበበልኝ፣ ድገመው አልኩት፣ ደገመው። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። እመቤቴ፣ እርስዎ «ይድረስ ከዘርፉ» ሲሉኝ እተኛ ነበር። ተቆጥተዋል፣ የተቆጣ ሰው ይበርድለታል እል ነበር። አሁን «እኅቴ» ብለውኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠይቀውኝ፣ ሳልጠይቅ ስኳር ልከውልኝ አስፈሩኝ። ከመቼ ወዲህ ነው እኅትዎ የሆንኩት? ጌታ ለድኻ የሚራራው ድኻው ምን ሲሆን ነው? እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉኝ ይሆናል። ይበሉኝ።

«ተበልቷል» አሉኝ። ማን በላው? እርሱ በላ ማለት ስንት ቃል ነው? ስኳሩን አልነካሁትም፤ አቡጀዲውንም ከዓይኔ አርቁልኝ ብዬ ለጎረቤት ሰጠሁ። ነጭ ጨርቅ ማየት አልቻልኩም።

በወላዲተ አምላክ፣ በልጅዎ በልጅ ጥላዬ ዕድሜ ለምኜዎታለሁ፦ ልጄ በሕይወት አለ ወይስ የለም? ካለ አለ ይበሉኝ።

ሽማግሌዎቹ ይምጡ ያሉትን ለጆቴ ነገርኩት። ሣቀ። ልጄ ከታሰረ ወዲህ ሲሥቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሌሎቹም እሺ አሉ፤ መሐላው ሰንደቁን አሳልፎ መስጠትን ነው እንጂ ይዞ መሄድን አይከለክልም ብለው በአንድ ቀን ተስማሙ። በእኔ ልመና ያልተፈታው በእርስዎ ግብዣ ተፈታ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እኔ ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ ኋላ አልነገረችኝም እንዳይሉ። እርስዎ የከተማ ልጅ ነዎት፤ ፉከራ የጠጅ ቤት ነገር ይመስልዎት ይሆናል። በዚህ ሰንደቅ ሥር የሚፎከረው እንደዚያ አይደለም። ከሥሩ የቆመ ሰው የራሱን ጀግንነት ብቻ አይናገርም። የወደቀውን ከነወደቀበት ቦታ ይጠራል፤ የሸሸውንም ከነሸሸበት መንገድ ይጠራል። የቆመው አንዱን ስም ቢዘል ሌላው ተቀብሎ ይናገርበታል። እኔ ቤት በየዓመቱ እንዲህ ነው የሚደረገው። የማንን ስም እንደሚጠሩ ያውቃሉ። ሰንደቁን ብቻ ይቀበሉኝና ሽማግሌዎቹን ይተዉልኝ። ልጄን በእነርሱ አፍ አያስበሉብኝ።

ዘርፉ።


አዲስ አበባ፣ መስከረም 18 ቀን 1923 ዓ.ም.

ለዘርፉ።

ደብዳቤሽ አሳዘነኝ፤ ደግሞም አስቆጣኝ። እኔን ምን አድርገሽ ነው የምታይኝ? ወግ የማላውቅ ነኝ? ሞት በወረቀት የሚነገርበት አገር ላይ አይደለም ያለነው። ክፉ ቢኖር ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ በርሽ ይንኳኳል፤ ሰው ይደግፍሻል፤ ከዚያ ይነገርሻል። እንዲህ አይደለም? በርሽን ያንኳኳ አለ? የለም። እንግዲያው በዘመን መለወጫ የምን ሟርት ነው? በሕይወት ያለን ልጅ አስቀድሞ ማልቀስ ኃጢአት ነው።

ትንሽ ትኩሳት ይዞት ስለ ነበር አሁን ባቡር ላይ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ እጅ በእጅ እንለዋወጥ ብትዪ አይሆንም። ሰንደቁ ይቅደም።

ስለ ሽማግሌዎቹ አታስቢ። ሽማግሌ ጠጅ ከጠጣና አዲስ ኩታ ከለበሰ የሚጠራው የሰጪውን ስም ነው። ኩታዎቹን አሠርቻለሁ። እንዲያውም አንቺ በከንቱ ትፈሪያለሽ እንጂ፣ በመኳንንት ፊት የፊታውራሪን ስም በክፉ የሚጠራ ድኻ አልተወለደም።

ከጥቅምት አጋማሽ እንዳያልፍ።

ዘመናይ።


አዳማ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1923 ዓ.ም.

ይድረስ ከእመቤቴ ከወይዘሮ ዘመናይ።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምን ብዬ ልመርቅዎ?

እኔ ሞኝ! እንዴት ይህን አላሰብኩም? «በርሽን ያንኳኳ አለ?» ሲሉኝ ልቤ ተመለሰ። እውነትም ማን አንኳኳ? አገር ምድሩ የሚያውቀውን ወግ እርስዎ ያን የሚያህል ቤት ይዘው እንዴት ያፈርሱታል? ነገሪን እቅፍ አድርጌ ሳምኩት፤ አፈረ። ከዚያ ገንፎ አገነፋሁና በላሁ። ትኩሳት ምን አላት፣ ትወጣለች።

ባለፈው ስለ ጻፍኩት ሁሉ ይቅር ይበሉኝ። የእናት ነገር ነው።

ሰንደቁ ይኸው መጣልዎ። ትናንት ለመጨረሻ ጊዜ አናፈስኩት። ቀዩ ከፀሐይ ብዛት ሸክላ መስሏል፤ ቢጫው ግን አሁንም ቢጫ ነው። ጥይት የበሳው ብዙ ስለሆነ ሲይዙት ከጫፉ አይጎትቱት። አንድ ጥግ የለውም፤ የጆቴን እጅ ያሠሩበት ነው፤ ተቀደደ ብለው እንዳያስጥፉት። አይጠብ። ጥቁር ጥቁር ያለው ዝገት አይደለም፣ የሰዎቹ ነው። የባሌ የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ምን ያደርግልዎታል።

ሣጥኑን ባዶውን ዘጋሁት። ደበሌ በሕልሜ ቢመጣ የምለው አዘጋጅቻለሁ፦ አንተ ለጨርቅ ሞትክ፣ እኔ ለልጅህ ሰጠሁት። ይፍረድብኝ።

ሳሊህ ይሸኛቸዋል፤ ሰንደቁን ግን ጆቴ እንደ ድሮው ወገቡ ላይ ጠምጥሞታል። ሽማግሌዎቹ አሁን ጣቢያው ላይ ባቡሩን እየጠበቁ ያለቅሳሉ። ቶራ መስክ የሄዱበት ቀን መሰላቸው መሰለኝ። ጆቴን ለብቻው ጠርቼ፣ የፊታውራሪን ስም ዝለለው፣ ልጄን አስብልኝ አልኩት። «አንቺ ምን እንደምንል ታውቂያለሽ» አለኝ እንጂ እሺ አላለኝም። እመቤቴ፣ አሁንም እነግርዎታለሁ፤ ሰልፉ ላይ አያቁሟቸው። ጠጁን ቤት ያጠጧቸው።

ልጄን ከበዓሉ ማግሥት እጠብቃለሁ። የቡዜ ወላጆች ቀኑ ለምን ተላለፈ ብለው አኩርፈዋል፤ አባብያቸዋለሁ።

ገረድዎ ዘርፉ።


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1923 ዓ.ም.

ለዘርፉ።

ነገሪ የምትባለው ጸሐፊ፣ ይህን ደብዳቤ አንዲት ቃል ሳታስቀር ጮክ ብለህ አንብብላት። ልጄ ያንን የመጀመሪያውን ጮክ ብሎ እንዳነበበው።

ሰልፉ እንዴት ሆነ ብለሽ አስጠይቀሻል። እንደ ነገርሽኝ ሆነ። ጠጄን ጠጡ፣ ኩታዬን ለበሱ፣ ልጄ ሰንደቁን ከፍ አደረገ። ያ ባለ አንድ እጁ ሰው ወጣ። የወደቁትን ሲጠራ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ የባሌን ስም ጠራ። በቅሎዋን፣ የበቅሎዋን መልክ፣ ያዞሩበትን ወንዝ፣ አንድ ሳያስቀር። ሊያስቆሙት ሲሄዱ ሌላው ተቀበለ፤ እርሱን ሲይዙት ሌላው። መኳንንቱ ሣቁ። ልጄ ሰንደቁን እንደ ያዘ በመካከላቸው ቀረ። የአባቱ ማዕረግ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ልጄ ከዚያን ቀን ወዲህ ከክፍሉ አልወጣም፤ ከእኔም ጋር አይነጋገርም። እኔ ለዚህ ልጅ ስል ያላደረግሁት የለም።

አስጠንቅቄሽ ነበር ትይኛለሽ። አዎን፣ አስጠንቅቀሽኛል። ለዚህ ነው ይበልጥ የምጠላሽ።

አሁን የልጅሽን ነገር እንጨርስ።

ልጅሽ ሐምሌ ሳይጋመስ ሞተ። ተስቦ ነው። ጭኮሽ የደረሰው ከተቀበረ በኋላ ነው፤ በረኞቹ በሉት። እግር ብረቱ ወልቆለታል ያልሁሽ እውነት ነው፤ ሬሳውን ለመገነዝ አወለቁት። ሲታመም እናቱን ይጠራ ነበር አሉ። ምን ብሎ እንደ ጠራሽ ግን ልብ ብሎ የሰማ የለም። የተቀበረበትን ቦታ ሰው ብትልኪ አናሳይም።

መርዶ በወረቀት አይነገርም ብዬሽ ነበር። ለሰው አይነገርም። አንቺ ግን በሰው ፊት አዋረድሽኝ፤ እኔም ወግ ቀረብኝ። ብቻሽን ሆነሽ ስሚው፤ የሚደግፍሽ አይኑር።

ጆቴና ጓደኞቹ በእጄ ናቸው። ያች የምታፈስ ቤት ባዶዋን ነበረች።

ሰንደቁን አላቃጠልሁትም። ለበዓሉ ከመጡት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ አሮጌ ነገር ይሰበስባል፤ ሰጠሁት። ጥይት የበሳውን እያየ በደስታ እጄን ሳመኝ። በአገሩ ትልቅ ቤት ውስጥ፣ በመስተዋት አድርጎ፣ ብል እንዳይነካው ያኖረዋል። ሰዎች እየመጡ ያዩታል። ከሥሩ የሚፎክር ግን አይኖርም፤ የማን እንደሆነም የሚያውቅ አይኖርም።

ዘመናይ።


አዳማ፣ ኅዳር 4 ቀን 1923 ዓ.ም.

ይድረስ ከእናቴ ከወይዘሮ ዘመናይ።

እናቴ ማለት አይነስዎት እንጂ፣ ከእናቴም ይበልጣሉ። ደብዳቤዎ ደረሰ። ነገሪ ሲያነብልኝ ድምፁ እየጠፋ ያስቸግረው ነበር፤ ብርድ ይዞታል። መጀመሪያ በሆዱ አነበበና ብዙ ቆየ። ምን አለው ብዬ ልሞት! ኋላ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። እልል አልኩ። ጎረቤት ወጥቶ ምን ተገኘ አለ። ልጄ ዳነ አልኳቸው። ትኩሳቱ ለቆት እህል መቅመስ ጀመረ አልኳቸው።

እኔማ ሳሊህ ብቻውን ተመልሶ ሰልፉ ላይ የሆነውን ሲነግረኝ፣ አለቀ፣ ልጄን በላሁት ብዬ ነበር። ምን ያህል ቀን ፀጉሬን እንደነጨሁ እግዜር ያውቃል። እርስዎ ግን «የሽማግሌ አፍ ነው፣ የልጅሽ ጥፋት አይደለም፣ ይቅር ብያለሁ» አሉ። ያችን ቦታ ነገሪን አስደግሜ ሰማኋት። እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይመጣል? ስለ እርስዎ ያሰብኩትን ሁሉ ብነግርዎ ፊትዎን ያዞሩብኛል። አልነግርዎም። ነገሪ ያውቃል፣ ግን አይናገርም።

ለልጅ ጥላዬ አዘንኩ። ይንገሩልኝ፤ ማዕረግ ይመጣል ይሄዳል፤ ወጣት ነው። ከክፍሉ ወጥቶ ፀሐይ ይሙቅ። እናቱ አጠገቡ አለች፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋል?

ሰንደቁንም እርስዎ ዘንድ ያኑሩት። አልመልስም ቢሉኝም አልቀየምም። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ እርሱን ሳስታምም፣ ለካ ጨርቅ ኖሯል። ጆቴ ይስማኝና ይርገመኝ፣ ግድ የለኝም። እርሱንና ጓደኞቹን ግን እባክዎ ይልቀቁልኝ፤ አርጅተዋል።

ሆራ እስኪበረታ ከእርስዎ ዘንድ ይቆይ ያሉትን ተቀብያለሁ። አልቸኩልም። ለቡዜ ወላጆች ሰው ሰድጄ ሰርጉ ለጥር ሆኗል። እርስዎም ይመጣሉ፤ እምቢ ብሎ ነገር የለም፤ ከእኔ ቀኝ ነው የሚቀመጡት።

ዕድሜ ይስጥዎ። በልጅዎ አይፍረድብዎ።

ዘርፉ፣ የሆራ እናት።

ክብርት ሆይ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኔ የጸሐፊው የነገሪ ቃል ነው።

አንዲት ቃል ሳታስቀር አንብብ ብለውኝ ነበር። ስለ ልጇና ስለ ሰንደቁ ካሉት አንዲትም ቃል አላነበብሁላትም። እርስዎ ያልጻፉትን ሁሉ እኔ ፈጥሬ አነበብሁ፤ ይህ የመረቀችዎ ምርቃት ሁሉ ለእርስዎ የመጣው በእኔ ውሸት ነው። እንደ ነገረችኝ ጻፍሁት፤ አልቀነስሁም።

ወደ ወለንጪቲ ሰው ልኬ ዘመዶቿን እያሰባሰብሁ ነው። እሑድ ሲነጋ በሯን እናንኳኳለን፤ እንደ ወጉ፣ ደግፈን፣ እንነግራታለን። ኋላ እንዴት ዋሸኸኝ ብላ ዓይኔን ባታየው እችለዋለሁ።

አሁን ደጅ ላይ ናት። የልጇን ልብሶች ሁሉ ከሣጥን አውጥታ እያጠበች ነው፤ ሲመጣ ንጹሕ ይልበስ ብላ። «ነገሪ፣ ደብዳቤውን አልጨረስክም?» ትለኛለች። ገና ነኝ እላታለሁ።